የሐሙስ ቡድን ደጋፊ፣ ባኩ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. - ፍራንክፈርት

ማሊያዬን ሁለት ጊዜ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ጀርባው ላይ 7 ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በላይ «ሚኪታሪያን» ይላል። ልጁ የአርሰናል ተጫዋች፣ አርመናዊ ነው፤ አርሰናልና ቼልሲ የሚገናኙበት የአውሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ አዘርባይጃን፣ ባኩ። ሁለቱ አገሮች በናጎርኖ ካራባኽ ሰበብ ከተጣሉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አዘርባይጃኖቹ ደህንነቱን እንጠብቃለን ብለው ነበር። እሱና ቤተሰቡ ግን ከክለቡ ጋር ተማከሩና ይቅርብን አሉ። ክለቡም ባለፈው ማክሰኞ እንደማይሄድ አሳወቀ። መስከረም ላይ አርሰናል እዚያው ባኩ ከካራባግ ጋር ሲጫወትም ቀርቶ ነበር። እንግዲህ ባለቤቱ የቀረበት አገር ማሊያው ብቻውን ምን ሊሠራ ይሄዳል? መሳቢያ ውስጥ መለስኩትና ስም የሌለበትን አሮጌውን ያዝኩ።

ይህን ጉዞ ያመጣው ንዴት ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ አርሰናል ፈረንሳይ ሄዶ ሬን በሚባል ቡድን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ቤላሩስ ውስጥ በባቴ 1 ለ 0 ተሸንፈን ነበር። ሥራ ቦታ ያሉት ሁሉ «የሐሙስ ቡድን» እያሉ ይስቁብኛል። የአውሮፓ ሊግ ሐሙስ ሐሙስ ነዋ! ትላልቆቹ ማክሰኞና ረቡዕ ይጫወታሉ፤ እኛ ትርፍራፊው ቀን ደረሰን። በእልህ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ለፍጻሜው ትኬት አመለከትኩ። እጣው ወጣልኝ። 50 ዩሮ። በሳምንቱ ኦባሜያንግ ሬን ላይ ሁለት አግብቶ፣ የብላክ ፓንተር ጭምብል አጥልቆ ሲንጎራደድ 3 ለ 0 አሸንፈን አለፍን። ከዚያ ናፖሊን በደርሶ መልስ፣ ከዚያ ቫሌንሲያን።

የቫሌንሲያ የመልስ ጨዋታ የግንቦት ልደታ ዕለት ነበር። ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቷ ንፍሮ ቀቅላ በየጠረጴዛው በሰሃን አድርጋለች። ሁለት ቴሌቪዥን ተከፍቷል። በግራው አርሰናል፣ በቀኙ አይንትራኽት ፍራንክፈርት ለንደን ላይ ከቼልሲ ጋር። የከተማችን ቡድን በዚያ ዓመት የሠራው ተአምር ነው። 1980 ላይ የዩኤፋ ዋንጫን ከወሰደ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ አልጮኸም ነበር። ከግራ በኩል ኦባሜያንግ ሦስት አገባ፣ 4 ለ 2 አሸነፍን፣ እኔ ዘለልኩ። አብሮኝ የዘለለ ሰው የለም። ሁሉም ቀኙን እያየ ነው። መጀመሪያ እዚህ 1 ለ 1፣ አሁን እዚያ 1 ለ 1፣ ጭማሪው ሰዓትም አልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደርሰዋል። የቼልሲው በረኛ ኬፓ የሂንተሬገርን ኳስ በእግሮቹ መሃል ያዘ። ቀጥሎ የፓስየንሲያን አዳነ። ከዚያ ሃዛርድ መጣና በተረጋጋ እግሩ ጨረሰው። ባለቤቷ ንፍሮ እንደያዘች ቆማ ቀረች። የአይንትራኽትን ሻርፕ አንገቱ ላይ የጠመጠመ አንድ ጎልማሳ፣ የአስመራ ሰው ነው፣ ሻርፑን አውልቆ በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈው። አንድም ቃል አልተናገረም። የዚያን ማታ ቼልሲ ፍራንክፈርት ውስጥ ስንት ጠላት እንዳፈራ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቤት ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። አብረን ያደግን የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ዱባይ ነው የሚሠራው። ከድሮግባ ዘመን ጀምሮ ቼልሲ ነው።

«ስማ፣ ባኩ ከዱባይ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ቲኬት እፈልጋለሁ።»

«ና እንጂ!»

«በባዶ አልመጣም። የተሸነፈ የአሸናፊውን ማሊያ ይለብሳል። የቤቱን በር እስኪከፍት አያወልቅም።»

እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

እሁድ፣ ግንቦት 18 - ትብሊሲ

ወደ ባኩ የሚወስደውን አውሮፕላን ዋጋ ሳይ ሳቄ መጣ። ለፍጻሜው ሰሞን ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ ዞር ብዬ፣ በኢስታንቡል አድርጌ ጆርጂያ ገባሁ። ከዚያ ባቡር አለ።

ባኩ የተመረጠችው መስከረም 2010 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ማን ለፍጻሜ እንደሚደርስ ማንም በማያውቅበት ጊዜ። ያ ሲሆን ሁለት የለንደን ቡድኖች 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው እዚያ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ የለም። ስታዲየሙ ወደ 69,000 ሰው ይይዛል፤ ለሁለቱ ክለቦች ግን የተሰጣቸው 6,000፣ 6,000 ብቻ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሲጠየቅ የባኩ አየር ማረፊያ በቀን ከ15,000 በላይ መንገደኛ አይችልም አለ። አየር ማረፊያው የማይችል ከሆነ ፍጻሜውን ለምን ወሰዱት? እዚህ ላይ ማንም የረባ መልስ አልሰጠም። የባሰው ደግሞ ሁለቱም ክለቦች ያንኑ 6,000 ሸጠው መጨረስ አቅቷቸው ትርፉን መለሱ። ሰው ትኬት ጠልቶ አይደለም። መንገዱ ነው።

ሊነጋ ሲል ትብሊሲ አረፍኩ። ከተማዋ በባንዲራ አጊጣለች፤ ነጭ ላይ አምስት ቀይ መስቀል። ለካ የነጻነት በዓላቸው ነው። ሩስታቬሊ ጎዳና ላይ ሰው እንደ ጉድ ይተማል። የነጻነት አደባባይ መሃል ረጅም ዓምድ አለ። ዓምዱ ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሳንጆርጅ ደጋፊ ነው፤ አርሰናልን እንደ ቡድን አይቆጥረውም። «ቡድን ማለት ይሄ ነው፤ ፈረስ ያለው» ብሎ መለሰልኝ።

ጆርጂያውያን ፋሲካን ከእኛ እኩል ነው የሚያከብሩት። ሲዮኒ ካቴድራል ገብቼ ሻማ ሳበራ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት «ክሪስቴ አግስድጋ» አሉኝ። ክርስቶስ ተንሥአ ማለታቸው ነው። በምን እንዳወቁኝ እንጃ። በአማርኛ መለስኩላቸው። ፈገግ አሉ።

ምሳ ኪንካሊ በላሁ። በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው፤ ውስጡ መረቅ አለው። አበላሉ ሥርዓት አለው። ጫፉ ላይ ያለችውን እምብርት ይዞ፣ ከጎን ትንሽ ነክሶ፣ መረቁን መምጠጥ፤ ከዚያ ሌላውን መብላት። እምብርቷ ሳህኑ ላይ ትቀራለች። እኔ የመጀመሪያውን እንደ ሳምቡሳ ገመጥኩት። መረቁ በአገጬ ወርዶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። አሳላፊው ሳይጠየቅ ሶፍት አመጣ። ብዙ ሐበሻ አስተናግዶ መሆን አለበት።

ሰኞ፣ ግንቦት 19 - የሌሊቱ ባቡር

ባቡሩ የአዘርባይጃን ነው። ሲመሽ ከትብሊሲ ተነስቶ ጠዋት ባኩ ያደርሰናል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የያዝኩት አራት አልጋ ያለውን ክፍል ነው። ስገባ የታችኛው አልጋ ላይ አንዲት የአዘርባይጃን አሮጊት በፌስታል ቼሪ ይዘው ተቀምጠዋል። ትይዩ አንድ ስድሳ ያለፈው እንግሊዛዊ ከነልጁ። የሽማግሌው ኮፍያ ላይ ትንሽ መድፍ አለች፤ የአርሰናል አርማ። አየኝ፤ ማሊያዬን አየ። ከዚህ በላይ መተዋወቅ አላስፈለገንም።

ሁለት አውሮፕላን ቀይረው ትብሊሲ እንደገቡ ነገረኝ። ከዚህ በፊት የት የት እንደሄደ በጣቶቹ ቆጠረልኝ። 1994 ኮፐንሃገን፣ ፓርማን 1 ለ 0። ይቺ ድል ናት። 1995 ፓሪስ፣ የሳራጎሳው ናይም ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከመሃል ሜዳ ጠርዝ አካባቢ አንስቶ በአርሰናሉ በረኛ በሲማን አናት ላይ ያሳለፈባቸው። 2000 እንደገና ኮፐንሃገን፣ በጋላታሳራይ በፍጹም ቅጣት ምት። 2006 ፓሪስ፣ በባርሴሎና 2 ለ 1። አንድ ሳቅ፣ ሦስት ለቅሶ። «ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» አልኩት። ልጁ ቀድሞ መለሰ፤ «እናቴም እሱን ነው የምትጠይቀው።»

ሴትዮዋ ቼሪውን በሁላችን መዳፍ ላይ እያፈሱ ሰጡን። እኛ የምናወራው ምን እንደሆነ አይገባቸውም። አንዲት ቃል ግን ያውቃሉ። «ኦዚል!» ይላሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ቱርክ ዘሩ ነውና እንደ እህታቸው ልጅ ነው የሚያዩት።

ተቆጣጣሪው በብረት መያዣ ያለ ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ። ከዚያ ስለ ዓመቱ ማውራት ጀመርን። ሰው እንደዚህ አይነት ውድድር ከመስከረም እስከ ግንቦት ተከታትሎ የሚያስታውሰው ዋንጫውን አይደለም። እነዚህን ነው። ዩክሬን ውስጥ ወታደራዊ ሕግ ሲታወጅ የቮርስክላ ጨዋታ ወደ ኪየቭ መዛወሩን። ላካዜት ናፖሊ ላይ በቅጣት ምት ያገባትን። እዚያው ባኩ፣ እነ ስሚዝ ሮውና ጌንዱዚ ካራባግ ላይ ሲያገቡ። ካራባግ ራሱ የሚገርም ቡድን ነው። አግዳም የምትባል ከተማው በጦርነት ከፈረሰች ወዲህ ከ1993 ጀምሮ ባኩ ውስጥ በስደት ይጫወታል። ስደተኛ ቡድን ሲባል እኔ ውስጤ ይረበሻል። ሽማግሌው ግን ሌላ ነገር አስጨንቆታል። «ኤመሪን አትርሳ» አለኝ። አሰልጣኛችን ኤመሪ ከሴቪያ ጋር ይህንኑ ዋንጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ ከ2014 እስከ 2016። «ሰውየው ይሄን ውድድር ያውቀዋል።» ማወቅ ነበረበት። በፕሪሚየር ሊጉ አምስተኛ ሆነን፣ በአንድ ነጥብ ከቶተንሃም አንሰን ቀርተናል። ባኩ ላይ ካላሸነፍን ለከርሞም ሐሙስ ነን።

ድንበር ላይ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ቀሰቀሱን። መጀመሪያ ጆርጂያዎቹ። ከዚያ አዘርባይጃኖቹ ትንሽ ካሜራ ይዘው ገቡ፤ እያንዳንዳችንን ፎቶ አነሱ። ወጣቱ ወታደር የእኔን ፓስፖርት ወደ መብራቱ አስጠጋ። «አርመን አገር ሄደህ ታውቃለህ?» «አላውቅም።» ከዚያ ማሊያዬን አዞረኝና ጀርባዬን አየ። ባዶ ነው። ማኅተሙን መታ። ፍራንክፈርት መሳቢያ ውስጥ የተኛችውን 7 ቁጥር አስታወስኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20 - ባኩ

ባቡሩ የሚያርፍበት ጣቢያ አጠገብ ያለው የሜትሮ ጣቢያ ስሙ «28 ሜይ» ነው። የደረስኩበት ቀን በፈረንጅ 28 ሜይ ነው። አዘርባይጃን በ1918 ሪፐብሊክነቷን ያወጀችበት ቀን ነው። ያወጀችውም ትብሊሲ ሆና ነው፤ ትናንት ማታ የተሳፈርኩባት ከተማ። አገር ቤት ደግሞ ግንቦት 20 ነው፤ ወንድሜ ሥራ ስለተዘጋ ከጠዋት ጀምሮ መልእክት ያዘንብብኛል። ሦስት አገር፣ ሁለት ባቡር ጣቢያ፣ የበዓል ብዛት!

የሰፈሬ ልጅ ከሰዓት በኋላ ገባ። የእሱ የቪዛ ጉዳይ አጭር ታሪክ ስላልሆነ ይለፈኝ። በሰማያዊ ማሊያ፣ በሰማያዊ ኮፍያ፣ በሰማያዊ ካልሲ መጣ። ሦስት ዓመት ተኩል ሳንተያይ። ተቃቅፈን ስናበቃ መጀመሪያ ያለኝ ነገር፣ «ወፍረሃል፤ ማሊያው ይጠብሃል።»

ከአየር ማረፊያ የመጣባት ታክሲ ደግሞ የለንደን ታክሲ ናት። እውነቴን ነው፤ ያቺ ጎባጣዋ። ቀለሟ ብቻ የደበርጃን ሐምራዊ ነው። ባኩ ለ2012 የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ስትዘጋጅ ነው ያስገባቻቸው። የለንደን ደጋፊ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ የሰፈሩን ታክሲ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ብርጭቋቸው ወገቧ የቀጠነ፣ እንደ ሸክላ እንስራ አንገት ያላት ናት። ስኳር አይጨምሩበትም። የቼሪ ወይም የበለስ ማርማላት በትንሽ ሰሃን ያመጡና፣ ከእሱ በማንኪያ ቀምሰህ ሻዩን ትጎነጫለህ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። የጓደኛዬን ሰማያዊ ኮፍያ አነሳና ካስፒያን ባሕር ውስጥ ጣለለት። እንደ ምልክት ቆጠርኩት።

«ይቺ ከተማ ከባሕር ወለል በታች 28 ሜትር ናት» አልኩት። በዓለም ላይ ካሉ ዋና ከተሞች ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ኳስ የጀመርነው።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «አርሰናል ከዚህ በታች የሚወርድበት የለም።»

አሮጌውን ከተማ ዞርን። የድንግል ግንብ የሚሉት ወፍራም የድንጋይ ማማ አለ፤ ከኋላው ኮረብታው ላይ እንደ እሳት ነበልባል የተሠሩ ሦስት የመስታወት ሕንጻዎች። በመካከላቸው ብዙ መቶ ዓመት አለ። መሃሉን የሞላው ነዳጅ ነው። በ1900 አካባቢ ከዓለም ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ይወጣ ነበር። የትናንቱም የዛሬውም ገንዘብ ከዚያው ነው። ፍጻሜውም ጭምር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21 - ጨዋታው

እናቴ ጠዋት ደወለች። «ዛሬ ደብረ ምጥማቅ ማርያም ናት፤ እሷ ትከተልህ ልጄ።» ለአርሰናል እንድትጸልይልኝ ልጠይቃት አሰብኩና አፈርኩ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕ ቢሆንም ጾም የለም። ምሳ የበግ ሥጋ ያለበት ፕሎቭ በላን፤ ሩዙ በሳፍሮን ቢጫ ሆኗል፣ ደረቅ አፕሪኮትና ቼስትነት የሚሉት ቅቅል ፍሬ አለበት። ጓደኛዬ ሁለት ሰሃን በላ። ለእኔ አልወርድ አለኝ።

ጨዋታው የሚጀምረው በባኩ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን እንዲመች ነው። አዲስ አበባ ያኔ ምሽት 4 ሰዓት። ሙሉ ቀን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል። ወደ 2 ሰዓት ገደማ በሜትሮ ኮሮግሉ ጣቢያ ወረድን። መንገዱ ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፈገግ ይላሉ፣ ሁሉም «ዌልካም» ይላሉ። ከተማዋ ጥፋት የለባትም። ባኩዎች ቤታቸውን አጽድተው፣ ሻይ አፍልተው ነው የጠበቁን። ጥሪው ነው የተሳሳተው።

ስታዲየሙ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ብርሃን ያለብሱታል። ውስጡ ግን የሩጫ መም አለው። 2015 ላይ ለአውሮፓ ጨዋታዎች የተሠራ ስለሆነ ነው። ከእኔ ወንበር እስከ ሜዳው ድረስ ያለው ርቀት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያህል መሰለኝ። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ቁጥራቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ሌላው ባዶው ወንበር ነው። በኋላ የተነገረው ቁጥር 51,370 ነበር። ከአጠገባችን ረድፍ በረድፍ ባዶ ነው። ያም ሆኖ ከጎኔ የተቀመጠው የባኩ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኦዚል ኳስ በነካ ቁጥር ይነሳል። አባቱ በትዕግሥት መልሶ ያስቀምጠዋል።

በረኛችን ፒተር ቼክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የቼልሲ በረኛ የነበረው ቼክ። ጓንቱን የሚሰቅልበት የመጨረሻ ጨዋታው ነው፤ የመጣበትም ቡድን ፊት ለፊቱ ቆሟል። ከእነሱ በኩል ደግሞ ሃዛርድ የመጨረሻው ጨዋታው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አጥቂያቸው ዢሩ አምና የእኛ ነበር። እንዴት ያለ ቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው!

የመጀመሪያው አጋማሽ አሰልቺ ነበር። ዣካ ከሩቅ የመታት ኳስ አግዳሚውን ጫፍ ነክታ ወጣች። ቼክ አንድ ሁለት አዳነ። ድምፁ በመሙ ላይ ተበትኖ ይጠፋል፤ ለዘፈን እንኳ አልተመቸም። በእረፍት ሰዓት ጓደኛዬ ኮካ ገዝቶ መጣ። «እንተኛ እንዴ?» አለኝ።

ከእረፍት መልስ አራት ደቂቃ አልሞላም። ኤመርሰን ከግራ አሻማ። ዢሩ ከኮሼልኒ ቀድሞ ወደፊት ተወርውሮ በግንባሩ ገጨ። ገባች። ኳሷ መረቡን ስትነካ የሰማሁ መሰለኝ፤ ያ ሁሉ ርቀት እያለ። ስልኬ ነቃ። ወንድሜ ነው። የመብራት ፈረቃ ሰሞን ነው አዲስ አበባ። «መብራት ሄደ። ማታ ፈረቃ የለም ብለው አልነበር? ስንት ሆነ?» ብሎ ጽፏል። «ገና ነው» ብዬ መለስኩ። ውሸት አይደለም። ገና ነበር።

በ60ኛው ደቂቃ ፔድሮ። ሃዛርድ አቀበለው፣ በግራው መሬት ለመሬት አስገባ። በ65ኛው ሜይትላንድ ናይልስ ዢሩን ከኋላ ገፋው፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ሃዛርድ ቼክን ወደ አንድ ጎን ልኮ ኳሱን ወደ ሌላው። በአሥራ ስድስት ደቂቃ ሦስት። ኢዎቢ ተቀይሮ ገባ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ከሳጥኑ ውጭ አየር ላይ እንዳለች መታት፣ ቼልሲዎች ራሳቸው ያጨበጨቡላት ግብ ሆነች። 3 ለ 1። ተነሳሁ። የባኩም ልጅ ተነሳ፣ እጅ ለእጅ ተማታን። ገና ሳንቀመጥ ሃዛርድ ከዢሩ ጋር ተቀባበለና አራተኛዋን አስቆጠረ። 72ኛው ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁትም፤ ባየውም አልነግራችሁም።

ዢሩ በውድድሩ 11ኛ ግቡ ነበር። የእኛ ከተማው ጆቪች 10 ላይ ቀረ። ቼልሲ ዓመቱን ሙሉ 15 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈ። አሰልጣኛቸው ሳሪ ደግሞ በዚያ ሁሉ የአሰልጣኝነት ዕድሜው የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫው ነው። ሐቁን መናገር ካለብኝ ለእሱ ደስ ብሎኛል። ትንሽ።

ዋንጫው 15 ኪሎ ነው፤ እንደ ሻምፒዮንስ ሊጉ ጆሮ የለውም። ሲያነሱት ከሩቅ ያየሁት ብልጭታውን ብቻ ነው። ጓደኛዬ ያለቅሳል። መሳለቅ ነበር የጠበቅሁት። «አባቴ ቢያይ» አለ። አባቱ አምና ነው ያረፉት፤ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ ዲሽ ያስገቡ እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ውስጥ መሬት ላይ ተደርድረን ነው ቼልሲንም አርሰናልንም ያወቅነው። ዝም ብዬ ትከሻውን ያዝኩት።

ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ከቦርሳው አዲስ ሰማያዊ ማሊያ አወጣ። ቁጥሩ ኤክስ ኤል ነው። አስቀድሞ ገዝቶልኛል!

ስንወጣ ከባቡሩ ሽማግሌ ጋር በር ላይ ተገጣጠምን። ሰማያዊ ለብሼ አየኝ። ምንም ሳይለኝ አራተኛ ጣቱን አነሳ። ሆቴል ስንደርስ ሌሊት 9 ሰዓት እየሆነ ነበር። ወንድሜ ጽፏል፤ «መብራት መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 22 - መልስ

ሐሙስ ነው እንግዲህ። ቀናችን።

አየር ማረፊያው ቀይና ሰማያዊ በለበሰ፣ እንቅልፍ በነሳው ሰው ተሞልቷል። ወለል ላይ ቦርሳቸውን ተንተርሰው የተኙ አሉ። ጓደኛዬ ወደ ዱባይ፣ እኔ ወደ ኢስታንቡል። «በር እስክትከፍት ድረስ» አለኝ፣ ጣቱን እየቀሰረ። «ፎቶ ትልካለህ።» ቅዳሜ ማድሪድ ላይ ሊቨርፑልና ቶተንሃም የሻምፒዮንስ ሊጉን ፍጻሜ ይጫወታሉ። አራቱም የፍጻሜ ቡድኖች የአንድ አገር ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያው ነው። የእንግሊዝ ክለቦች ዓመት ነው ይላሉ። እኔን አታጠቃልሉ።

ከኢስታንቡል ያለው በረራ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፍራንክፈርት ስንደርስ መሽቷል። ጀርመን የዕርገት በዓል ነው፤ አየር ማረፊያው ጭር ብሏል። ፓስፖርቴን ማሽኑ ላይ ባደርግ ፊትህን አላወቅሁትም አለኝ። እንቅልፍ ያጣ፣ ጢሙ ያደገ፣ ሰማያዊ የለበሰ ሰው ነው ያየው፤ አልፈርድበትም። ወደ መስኮቱ ሂድ አሉኝ።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ፖሊስ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ትንሽ ንስር ተለጥፋለች። ቀይ ንስር። የአይንትራኽት አርማ። ልቤ ድው አለች።

ፓስፖርቱን ወሰደ። ማሊያዬን አየ። ወደ ፓስፖርቱ ተመለሰ። አንድ ገጽ ገለበጠ። እንደገና ማሊያዬን አየ።

«ቼልሲ» አለ። ጥያቄ አይመስልም።

«የእኔ አይደለም» አልኩት። «ተወራርጄ ተሸንፌ ነው። እኔ አርሰናል ነኝ። ከባኩ ነው የመጣሁት።»

ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ፓስፖርቴን ዘግቶ በመስኮቱ ሥር ገፋልኝ።

«እኛስ ቢያንስ በፍጹም ቅጣት ምት ነው» አለኝ።